ፍሬዲ ሜርኩሪ አልበሙ ላይና መድረክ ላይ

ወንድሜ፣ ስለ ኩዊን ባንድ ዘፋኝ ስለ ፍሬዲ «ኮንሰርት ላይ ከፍ ያለውን ድምፅ ይሸሻል፤ አልበሙ የስቱዲዮ ቅብ ነው እንዴ?» ላልከው፣ ግማሹን ልክ ነህ።

መሸሹንስ ይሸሻል። «ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ»ን አልበሙ ላይ ስማና ወደ ኮንሰርቶቹ ሂድ። ወደ ላይ መውጣት ያለበት ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ዜማውን ዝቅ አድርጎ ያልፈዋል። ግን ችሎታ አንሶት አይደለም። የድምፅ አውታሩ ላይ እባጭ ነበረበት። በዚያ ላይ እየሮጠ፣ ፒያኖ እየመታ፣ በነጋታው ደግሞ ሌላ ከተማ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ግን እስኪጥምህ ትደግማለህ።

«ቦሂሚያን ራፕሶዲ» (1975 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እንደ ኦፔራ በብዙ ድምፅ የሚዘፈነውን ክፍሉን ፍሬዲና የባንዱ ጓደኞቹ ብራያን ሜይና ሮጀር ቴይለር ድምፃቸውን ደጋግመው ደራርበው ነው የሠሩት። ሦስት ሰው መድረክ ላይ ያንን ከየት ያመጣል? ስለዚህ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ቴፑን ለቀው እነሱ ከመድረክ ይወርዱ ነበር። እኔ ማጭበርበር አልለውም። ከንፈር እያንቀሳቀሱ ከማስመሰል በስንት ጣዕሙ!

አሁን ለእኛው የ77 ድርቅ እርዳታ የተዘጋጀውን የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ክፈት፤ ሐምሌ 1985 እ.ኤ.አ.፣ ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም። ኩዊን መድረኩ ላይ የቆዩት 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ፍሬዲ ያለ ሙዚቃ «ኤ...ኦ» እያለ ሕዝቡን ሲያስቀብል አንዱን ድምፅ ጎትቶ ጎትቶ ይይዘዋል። ስታዲየሙ በሙሉ መልሶ ይዘፍንለታል። ሻከር ያለ ነው፣ እንደ አልበሙ የተወለወለ አይደለም። እኔ ግን ይሄኛውን እመርጣለሁ።