ውጭ ለሚሄድ አጥቂ መጀመሪያ መውጫውን አስጽፉለት

እህቴ ሰላም ነሽ? ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ታናሽ ወንድምሽ 20 ዓመቱ ነው፣ ኮምቦልቻ በከፍተኛ ሊግ አጥቂ ሆኖ ይጫወታል፣ አንድ ሰው «ግብፅ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሙከራ አስገባዋለሁ» ብሎ ለማስኬጃ 150 ሺህ ብር ጠይቋችኋል፤ እንክፈል ወይ ነው ያልሽው። አትክፈሉ። እውነተኛ ኤጀንት የሚያገኘው ልጁ ፈርሞ ደመወዝ ሲጀምር፣ ከዚያው ላይ በመቶኛ ነው። የፊፋ ፈቃድ ካለው ስሙ በፊፋ ድረ ገጽ ተፈልጎ ይገኛል። ካልተገኘ ደላላ ነው።

ክለቡ ከፈለገው በራሱ ማኅተም የግብዣ ደብዳቤ ይልካል። ሙከራው ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ቲኬቱንና ማደሪያውን ማን እንደሚችል፣ ሜዳ ላይ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው ተጽፎ ይምጣ። ስታጣሩ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ፤ የክለቡን ቁጥር ከራሱ ገጽ አውጡ። የደብዳቤውን ስልክ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ደብዳቤውን የፈበረከው ሰው ነው። «ክሊራንስ (የዝውውር ሰርተፍኬት) አስወጣለታለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅም ይመጣል። የዝውውር ሰርተፍኬት በእጅ ተይዞ የሚሄድ ወረቀት አይደለም፤ የተቀባዩ አገር ፌዴሬሽን በፊፋ የዝውውር ሥርዓት በኩል ከኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ይጠይቃል፣ የኛውም በዚያው ይለቃል። የእናንተ ድርሻ ከኮምቦልቻው ክለብ ጋር ያለው ውል ማለቁን ወይም መልቀቂያ ማግኘቱን ማረጋገጥ ነው።

ዋናው ጣጣ ግን ሙከራውን ካለፈ በኋላ ነው። አብዛኛው ሊግ የውጭ ተጫዋች ቁጥር ይገድባል፤ ክለቡ ከዚያች ጠባብ ኮታ አንዷን ለአጥቂ ሲሰጥ የሚፈልገው ጎል ነው፣ ያውም አሁኑኑ። የአገሬውን ልጅ ይታገሱታል፣ የውጩን ግን አይታገሱትም። ያስመጣው አሰልጣኝ ከተባረረ ደግሞ አዲሱ የራሱን አጥቂ ይዞ ይመጣል። የኛውን አጥቂ ፍቅሩ ተፈራን አስቢው፦ ደቡብ አፍሪካ፣ ቼክ፣ ከዚያ ህንድ። ጥቅምት 12 ቀን 2014 በፈረንጆች ኮልካታ ላይ የህንድ ሱፐር ሊግን የመጀመሪያ ጎል ያገባው እሱ ነው፤ በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ግን ሌላ የህንድ ክለብ፣ ቼናይይን ውስጥ ነበር። ሌላው አጥቂያችን ሳላዲን ሰይድም ግብፅ፣ ቤልጅየም፣ አልጄሪያ ብሏል። የዚህ ሙያ ጠባዩ ይሄ ስለሆነ የመጀመሪያው ውል ሲፈረም ስለ ሁለተኛው ክለብ እየታሰበ፣ ከክለቡ የሚወጣበት መንገድም ተጽፎበት ይፈረም።

ውሉ ላይ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ምንዛሬውን እዩ። የግብፅ ፓውንድ በፈረንጆች ኅዳር 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዋጋው በግማሽ ገደማ ወረደ፣ በፈረንጆች መጋቢት 2024 ደግሞ ከሲሶ በላይ አጣ። በፓውንድ የፈረመ ሰው ምንም ሳያጠፋ ደመወዙ ተቆረጠ ማለት ነው። በዶላር ይጻፍ፤ ካልሆነም በክፍያው ቀን የዶላር ምንዛሬ ይታሰብ። ግብር ከተቀነሰ በኋላ የተጣራው ስንት እንደሆነ በአኃዝ ይግባ። ትንሽ ደመወዝና ትልቅ የጎል ቦነስ የሚል ውል ደስ አይበላችሁ፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ጎል አይገባም። «ሕክምና ካለፈ» ወይም «የሥራ ፈቃድ ከወጣ» የሚል ቅድመ ሁኔታም አይግባበት፤ የፊፋ ደንብ የውልን መጽናት በዚህ ላይ ማንጠልጠልን ይከለክላል። ምርመራው ከፊርማው በፊት ያልቃል።

ደመወዝ ሲቆም ብዙ ልጆች ይናደዱና ሻንጣቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ክለቡም «ጥሎን ጠፋ» ይላል፣ ተከሳሹ ልጁ ይሆናል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ሁለት የወር ደመወዝ ከቀኑ ካለፈ፣ የየትኛው ወር ስንት እንዳልተከፈለ ከባንክ ቁጥሩ ጋር ጽፎ በኢሜይል ይላክላቸው፤ 15 ቀን ሙሉ ይስጣቸው። በነዚያ 15 ቀናት አንድም ልምምድ አይቅር። ካልከፈሉ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥና ካሳ መጠየቅ ይችላል። ለፊፋ የሚያመለክትበት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፣ ተጫዋች የዳኝነት አይከፍልም። በመሃል «ግማሹን እንካ፣ እዚህ ላይ ፈርም» ብለው በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ቢያቀርቡለት ሳያስተረጉም እንዳይነካው፤ «ሂሳቤን ጨርሻለሁ» የሚል ሊሆን ይችላል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ቁጥር፦ በአንድ የውድድር ዘመን ለሦስት ክለብ መመዝገብ ይቻላል፣ መጫወት የሚቻለው ግን በመደበኛው ለሁለት ብቻ ነው። እስከ ጥር ለኮምቦልቻ ተጫውቶ ግብፅ ሄዶ ከተሰለፈ ሁለቱም አለቁ። በመጋቢት ቢያባርሩት እስከ ክረምት ቁጭ ነው። ስለዚህ ከተቻለ በክረምቱ የዝውውር መስኮት (ክለቦች አዲስ ተጫዋች በሚያስመዘግቡበት ጊዜ) ይሂድ።

ስለ አየሩም ልበል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ ካይሮ ግን ከባሕር ወለል ብዙም አትርቅም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ የተጫወተ ልዩነቱን ይቀምሰዋል። ታች አየሩ ስለሚከብድ ረጅም ኳስ ቶሎ ፍጥነቱን ያጣል፣ ቀድሞም ይወድቃል፤ በለመደው ግምት የሮጠ አጥቂ ኳሱን ከኋላው ትቶት ያልፋል። ሙቀቱን ለመልመድ ሰውነት ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። አምስት ቀን ብቻ የሚሞከር ልጅ ባረፈ ማግሥት ከገባ ገና ሰውነቱ ሳይለምድ ይመለሳል።

ለክለብ የሚላከው የጨዋታው ቪዲዮ ከአራት ደቂቃ አይብለጥ፣ ቀኑና የማሊያ ቁጥሩ ይታይ፤ ሁለት ሙሉ ጨዋታም ይዘጋጅ፣ ምክንያቱም ቁም ነገረኛ መልማይ ያለ ኳስ ምን እንደሚሠራ ማየት ይፈልጋል።

«ዕድሜውን 18 እናድርገው» የሚል ከመጣ ደግሞ በሩን ዝጉበት፤ ፌዴሬሽኑ ጋ ያለው የድሮ ምዝገባው ያጋልጠዋል። ሳይዋሹም የሚሳሳቱ አሉ። ነሐሴ 1998 የተወለደም ጥቅምት 1999 የተወለደም በፈረንጆች 2006 ነው፤ አንዱ ላይ ስምንት፣ ሌላው ላይ ሰባት ይደመራል። ይህን ሳያስተውሉ የሞሉት ፎርም ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ዓመት ይጣላል። የስም አጻጻፍም እንዲሁ፦ ሰይድ የሚለው ስም በላቲን አንዱ ጋ በአራት ፊደል፣ ሌላው ጋ በአምስት ይጻፋል። ፓስፖርቱ ወጥቶ ከሆነ ከክለቡ ምዝገባ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት፤ ልዩነት ካለ ግብዣው ሳይመጣ አስተካክሉት።