ዝናብ ሳይጥል የሚሞላው ፍሳሽ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአንድ አሮጌ የወደብ ከተማ፣ ከባሕሩ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ እንኖራለን። በወር ውስጥ ለተወሰኑ ቀናት፣ ጠብታ ዝናብ ሳይጥል፣ የመታጠቢያ ቤታችን የወለል መውረጃ ቡልቅ ቡልቅ ይልና ጥቁር ውሃ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይወርዳል። የቧንቧ ሠራተኛ በየጊዜው እየመጣ በስፕሪንግ ይጠርገዋል፤ ለጥቂት ቀናት ደህና ይሆንና ተመልሶ ያው ነው። ሠራተኛ መቀየር ይኖርብን ይሆን?

መልስ፦ ሠራተኛ ከመቀየርዎ በፊት ውሃው የሚነሣበትንና የሚወርድበትን ሰዓት ለአንድ ወር ያህል ይመዝግቡ። በአብዛኞቹ የባሕር ጠረፎች ባሕሩ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ይሞላል፣ በመካከሉም ይጎድላል፤ ስለዚህ የሙላቱ ሰዓት በየዕለቱ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ዛሬ ውሃው በ3 ሰዓት ተነሥቶ ከነበረ ነገ ለ4 ሰዓት 10 ደቂቃ ጉዳይ ገደማ ከተነሣ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ ከዘገየ፣ ቤትዎን የሚያጥለቀልቀው በቱቦው ውስጥ የተቀረቀረ ነገር ሳይሆን ባሕሩ ራሱ መሆኑን ከወዲሁ መገመት ይችላሉ። ሙላቱ የሚያይለው ደግሞ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን ስለሆነ፣ «በወር ውስጥ ለተወሰኑ ቀናት» ማለትዎ ጥርጣሬውን ያጠናክረዋል። ሠራተኛው በሄደ ማግስት ነገሩ ደህና የሚመስለውም ሙላቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ሊሆን ይችላል፤ ምስጋናው ለስፕሪንጉ መድረሱ ግን የተለመደ ነው።

ነገሩ እንዲህ የሚሆነው በከተሞቹ አሠራር ምክንያት ነው። ፍሳሽ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ቱቦው ተዳፋት ያስፈልገዋል፤ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው የቤት ቱቦ በየ40 ሜትሩ የ1 ሜትር ዝቅታ የተለመደ መነሻ ነው። ጠፍጣፋ በሆነ የባሕር ጠረፍ ላይ ይህን ያህል ተዳፋት በረጅም ርቀት ማግኘት አይቻልም፤ ጠልቆ ለመቆፈር ሲሞከርም የከርሰ ምድር ውሃ ይገጥማል። በዚህ ምክንያት የጥንቶቹ መሐንዲሶች ዋናውን ቱቦ እንደ ምንም ዘርግተው አፉን ከባሕሩ ወለል ጋር በተቀራረበ ከፍታ ላይ ተዉት፤ የዝናቡንም የሽንት ቤቱንም ውሃ በአንድ መስመር የላኩባቸው ከተሞች ጥቂት አይደሉም። ባሕሩ በሞላ ቁጥር ያ አፍ ይታፈናል፣ ፍሳሹም ባለበት ይቆማል ወይም ወደ ኋላ ይመለሳል። የቆመ ውሃ ደግሞ ደለሉን ያስቀምጣል። ቱቦ ራሱን እያጠበ እንዲኖር ፍሳሹ ቢያንስ በሰከንድ ከ0.6 እስከ 0.75 ሜትር መጓዝ ሲኖርበት፣ በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚቆም መስመር ዝቃጩን እያደር ያጠራቅማል። እንግዲህ የባሕሩ ሙላት እውነተኛ መዘጋትንም ይወልዳል፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ አንደኛውን ማግኘት ሁለተኛውን አያስቀርም።

ለመለየት በግቢዎ ያለውንና ከእርሱ ቀጥሎ ወደ መንገዱ የሚገኘውን ማንሆል በሙላትም በጉድለትም ሰዓት ያስከፍቱ። የላይኛው ሞልቶ የታችኛው ባዶ ከሆነ መዘጋቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ በየትኛውም ሰዓት ያው ሆኖ ይገኛል። ሁለቱም አብረው ሞልተው አብረው የሚጎድሉ ከሆነ ምክንያቱ ከቤትዎ ውጪ ነው። ውሃው ጨዋማ መሆኑን ለማወቅ መቅመስ ፈጽሞ አይገባም፤ የውሃን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታ የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ በቅጽበት ይናገራል። ወደ ማንሆል ውስጥ ማንም አይውረድ፣ አንገቱንም አያስግባ። በቆመ ፍሳሽ ውስጥ የሚፈጠረው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም።

ምክንያቱ ባሕሩ ከሆነ መፍትሔው ሁለት ቦታ ላይ ነው። በዋናው ቱቦ አፍ ላይ ባሕሩን የሚመልስ ክዳን ወይም የጎማ ቫልቭ መኖሩ፣ ካለም የባሕር ዛጎልና ቆሻሻ ተቀርቅሮበት ክፍት ሆኖ አለመቅረቱ የከተማው ኃላፊነት ነው፤ የሰዓት ማስታወሻዎን ይዘው ቢያመለክቱ «ቱቦው ይዘጋብኛል» ከሚል አቤቱታ ይልቅ ሰሚ ያገኛል። በቤትዎ በኩል ደግሞ ከግቢ በሚወጣው መስመር ላይ ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክዳን፣ ይገጠማል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ቫልቩ ባሕሩን ሲዘጋ የእርስዎንም ፍሳሽ ይዘጋል። ስለዚህ በእነዚያ ሰዓታት ልብስ ማጠብም ሆነ ገላ መታጠብ የገዛ ውሃዎን በገዛ ወለልዎ ላይ ያወጣዋል። ከጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ውሃም ከቫልቩ በፊት የሚገባ ከሆነ፣ በሙላት ሰዓት ዝናብ ሲጥል ቫልቩ ቤቱን ከመጠበቅ ይልቅ ያጥለቀልቀዋል። ከመግጠም በፊት የጣሪያውን መስመር ከቫልቩ ወዲያ ማዞር ግድ ነው። ቫልቩም ቢሆን ተገጥሞ የሚረሳ ዕቃ ስላልሆነ፣ ክዳኑ በቀላሉ በሚከፈት ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥና በየጥቂት ወሩ ይጽዳ።

ጥያቄ፦ አከራዬ የወጥ ቤቱ መውረጃ በዘገየ ቁጥር ኮስቲክ ሶዳ ያፈሱበታል። በሚቀጥለው ቀን ካልተከፈተም በረኪና ይጨምሩበታል። ይህ ያረጀውን ቱቦ አይጎዳም?

መልስ፦ ከቱቦው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ የእርስዎ ደኅንነት ነው። ኮስቲክ ሶዳ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ኃይለኛ ሙቀት ይፈጥራል፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሲቆም ፕላስቲኩን ሊያለሰልስ፣ ወደ ላይ ሲፈናጠርም ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። በረኪና በሰልፈሪክ አሲድም ይሁን በሌላ የመጸዳጃ አሲድ ላይ ቢፈስ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ዛሬ ሶዳ፣ ነገ በረኪና፣ ከነገ ወዲያ አሲድ የሚል ልማድ መጨረሻው ወደዚያ ነው። አንዱ ከፈሰሰ በኋላ ሠራተኛ የሚጠሩ ከሆነም ምን እንደፈሰሰ አስቀድመው ይንገሩት፤ ቱቦውን ሲከፍት የሚረጨው በፊቱ ላይ ነው።

ሶዳው ስቡን ወደ ሳሙና መለወጡ እውነት ነው፤ የለወጠው ግን ወደ ታች ወርዶ ሲበርድ እንደገና ይጋገራል፤ መዘጋቱ የተወገደ ሲመስል ከቤት ወደ መንገድ ተዛውሯል። ዘይትና ስብ ከእርጥብ ሶፍት ጋር ሲቆላለፉ ምን እንደሚሆን ለማየት፣ በእንግሊዝ የባሕር ጠረፍ ከተማ በሲድመዝ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የተገኘውን የስብ ግግር ማስታወስ ይበቃል፤ 64 ሜትር ይረዝም ነበር፣ ተቆፍሮ ለመውጣትም ወደ ስምንት ሳምንት ፈጅቷል። ለወጥ ቤቱ የሚሻለው ሲፎኑን ፈትቶ ማጽዳት፣ የጎማ መምጠጫ መጠቀም፣ ካልሆነም በስፕሪንግ መጥረግ ነው። ያገለገለ ዘይት በዕቃ ተጠራቅሞ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይወገድ።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተን የጋራ መስመራችንን በከፍተኛ ግፊት ውሃ ልናስጠርግ ነው። ቱቦዎቹ አሮጌ የሸክላ ናቸው። በየስንት ጊዜው ቢጠረግ ይበቃል?

መልስ፦ በየስንት ጊዜው የሚለውን ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ ከቱቦው የሚወጣው ነገር ይወስነው። መጀመሪያ ሲጠረግ የወጣውን እዩት። ስብ ከሆነ ምንጩ ከወጥ ቤቶቹ ነው፤ ሥር ከሆነ የቱቦዎቹ መጋጠሚያ ተከፍቶ ዛፍ ገብቶበታል፤ ንጹሕ የባሕር አሸዋ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከበድ ይላል። በተሰነጠቀ ቱቦ የከርሰ ምድር ውሃ ሲገባ በዙሪያው ያለውን አሸዋ ይዞ ይገባል፤ እናንተ በጠረጋችሁት ቁጥርም ባዶ የቀረው የመሬት ውስጥ ክፍተት ይሰፋል፣ አንድ ቀንም መንገዱ ሊሰምጥ ይችላል። ጥርጊያው በራሱ ጉዳቱን የሚያባብስበት ሁኔታ ይኸው ነው።

ስለዚህ ከሥራ ተቋራጩ ጋር ስትዋዋሉ ሦስት ነገር አስጽፉ። ሥራው በባሕሩ ጉድለት ሰዓት ይሁን፤ በሙላት ጊዜ የሚፈስበት ስፍራ የለም። የግፊት ቱቦው ከታችኛው ማንሆል ወደ ላይኛው እየሄደ ዝቃጩን ወደ ታች ይሳበው፤ የተሳበውም በመምጠጫ መኪና ተጭኖ ይወሰድ እንጂ ወደ ቀጣዩ ሰፈር አይገፋ። ግፊቱ ያረጀ ሸክላ በሚችለው ልክ ይቀነስ፤ ከጥርጊያው በኋላም በቱቦው ውስጥ ካሜራ አልፎ ቅጂው ለእናንተ ይሰጥ። በቅጂው ላይ ቱቦው ቅርጹን ሳይለቅ የተሰነጠቀ ብቻ ሆኖ ከተገኘ መንገዱን ሳትቆፍሩ በውስጡ ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) የተነከረ ጨርቅ አስገብቶ ማጠንከር ይቻላል፤ ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን ከተጀመረ ወዲህ ለእንዲህ ያሉ አሮጌ መስመሮች በሰፊው ይሠራበታል። የተደረመሰ ከሆነ ግን ጨርቁም አያድነውም፤ ያ ክፍል ተቆፍሮ መቀየር አለበት፣ ያዋጣችሁትንም ገንዘብ ከጥርጊያው ይልቅ ለዚያ አቆዩት።