ወንድሜን ወዴት ልውሰደው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ከተማ ውስጥ ነው። የ23 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ካለፈው መስቀል ወዲህ ጠባዩ ተለውጧል። ሥራውን ትቶ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል፤ ሌሊት ብቻውን ያወራል፤ ጎረቤቶች ስሙን እያነሱ እንደሚሰድቡት ይነግረናል፤ ምግብ ሲቀርብለት «ምን ጨምራችሁበታል?» እያለ ይመልሳል። ጫትም ይቅማል። እናቴ ጠበል ካልተወሰደ አይድንም ትላለች፤ አጎቴ ደግሞ ጫቱን ቢተው ይሻለዋል ባይ ነው። እኔ ሐኪም ቢያየው እወዳለሁ፤ ሆኖም ከየት እንደሚጀመር አላውቅም። በቴሌግራም የሚለቀቀውም እርስ በርሱ ይጋጫል። ማንን እናነጋግር? እምነት የሚጣልበት መረጃስ ከየት ይገኛል?
ሕ. ነ.፣ ከጅማ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ በወንድምዎ ላይ የሚታየው ነገር ሕክምና ያለው መሆኑን አስቀድመን ልንነግርዎ እንወዳለን። የሕመሙን ስም ከቤት ሆናችሁ ለማወቅ አትድከሙ። ነገር ግን ወራት ስላለፉት ከእንግዲህ ጊዜ አትስጡት፤ እንዲህ ያለ ሕመም ሕክምናው በዘገየ ቁጥር ለማገገምም ይከብዳል።

ጅማ በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሲሆን፣ ተመላላሽ ታካሚዎችን ያያል፣ አስተኝቶም ያክማል፤ ዩኒቨርሲቲውም በዘርፉ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ከመላው ደቡብ ምዕራብ ሕመምተኛ ስለሚመጣበት በጠዋት መድረስ ይበጃል። ሁኔታው አስቸኳይ ካልሆነ ግን መነሻችሁ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ይሁን። በተለይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ፣ የሪፈር ወረቀት ሳትይዙ ሆስፒታል ብትሄዱ ወጪው ከኪሳችሁ ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕመም አያይም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው መርሐ ግብርም ሆነ የአገራችን የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ዓላማቸው መሠረታዊው አገልግሎት በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

ወንድምዎ «አልታመምኩም» ብሎ እምቢ ሊል ይችላል። የሚሰማውን ድምፅ «ውሸት ነው» ብላችሁ አትከራከሩት፤ ለእሱ በእርግጥ ይሰማዋልና ክርክሩ ከእናንተ ያርቀዋል እንጂ አያሳምነውም። ይልቁንም እሱን ራሱን ከሚያስጨንቀው ነገር ተነሡ፤ «እንቅልፍ አጥተሃል፣ ለእሱ መፍትሔ እንፈልግ» ቢሉት የመስማማት ዕድሉ ይሰፋል። አሻፈረኝ ካለ ደግሞ መጀመሪያ እርስዎ ብቻዎን ሄደው ባለሙያውን ያማክሩ።

ከመሄዳችሁ በፊት ያያችሁትን በወረቀት ላይ ጻፉ። ይህ እንደ ትንሽ ነገር እንዳይታይብን እንለምናለን፤ ምክንያቱም የአእምሮ ሕመም በራጅ ወይም በደም ምርመራ የሚለይ ባለመሆኑ፣ ሕመምተኛውም ሐኪም ፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ዝም ስለሚል፣ ባለሙያው የሚመረኮዘው ቤተሰብ በሚናገረው ላይ ነው። ለውጡ መቼ እንደጀመረ፣ ከእንቅልፍ፣ ከሥራና ከንጽሕና የትኛው ቀድሞ እንደተጓደለ፣ የሚናገረውን በራሱ ቃል፣ ከዚህ በፊት ጭንቅላቱን ተመትቶ ወይም የሚጥል ሕመም ይዞት እንደሆነ፣ በዘመድ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም እንዳለ ይጻፍ። ጫቱንም አትደብቁ፤ በቀን ምን ያህል እንደሚቅም፣ ከምርቃናው በኋላ ለጨብሲ መጠጥ ይወስድ እንደሆነ ጭምር ይነገር። የደም ምርመራ ቢታዘዝም አይግረማችሁ፤ ሌላ አካላዊ ሕመም አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው። (ትኩሳት ኖሮት በቀናት ውስጥ የሚዘባርቅ ሰው ግን ወባ ወይም ማጅራት ገትር ይዞት ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።)

አጎትዎ በከፊል ልክ ናቸው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍ ይነሣል፣ ጥርጣሬንና ድምፅ መስማትንም ሊያባብስ ይችላል። ነገር ግን ጫቱን እስኪተው ድረስ ሕክምናውን ማቆየት አይገባም፤ ሁለቱ አብረው ይታያሉ።

የእናትዎን እምነትም የምትቃወሙበት ምክንያት የለም። ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። እኛን የሚያሳስበን መድኃኒት ማስቆምን፣ ማሰርንና መምታትን የመሰለው ነገር ነው፤ ስለዚህ ለአጥማቂው ካህን ወንድምዎ በሕክምና ላይ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የሚጾም ከሆነ የመድኃኒቱ ሰዓት ሊስተካከል ስለሚችል ሐኪሙን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አትዝለሉ።

መድኃኒት ሲጀመር ብዙ ቤተሰብ የሚደነግጥበትን አንድ ነገር እንንገራችሁ። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገትን ሊያጣምሙ፣ ምላስ ያበጠ የሚያስመስል መወጠር ሊያመጡ፣ ዓይንን ወደ ላይ ሊሰቅሉ ይችላሉ። ይህን ያየ ቤተሰብ «መድኃኒቱ ሊገድለው ነው» ብሎ ያቋርጠዋል፤ ወደ ሐኪሙም አይመለስም። ሁኔታው የሚያስፈራ ቢሆንም ማርከሻ መድኃኒት አለውና በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ተመለሱ። የተሻለው ሲመስልም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያህል መቀጠል እንደሚያስፈልግ ከወዲሁ ይታወቅ፤ ሕመሙ የሚያገረሽበት አንዱ ዋና ምክንያት መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ነው።

ስለ ሞት ከተናገረ «ራስህን የመጉዳት ሐሳብ አለህ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም። ፀረ ተባይና የአይጥ መርዝ ከቤት ይውጣ፣ ብቻውን አትተዉት፣ ቀንም ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

መረጃን በተመለከተ፣ የጤና ሚኒስቴርና የዓለም ጤና ድርጅት የሚያወጧቸውን ጽሑፎች አስቀድሙ። በቴሌግራም «በአንድ ጊዜ ፈጽሞ የሚያድን» የሚል፣ የሐኪም መድኃኒት አቁሙ የሚል ወይም ሕመምተኛውን ሳያይ መድኃኒት የሚሸጥ ካጋጠማችሁ እለፉት። ያልገባችሁን ጽፋችሁ ለሚከታተለው የአእምሮ ሕክምና ነርስ ወይም ሐኪም አቅርቡ። እናትዎንም በቀጠሮው ቀን ይዘዋቸው ይሂዱና የሚያሠጋቸውን በራሳቸው አፍ ይጠይቁ፤ በአፋን ኦሮሞ መነጋገር የሚቀላቸው ከሆነም ካርድ ስታወጡ ይህንኑ ተናገሩ።