«ተወራሽነት» ወይስ «የውርስ ድርሻ»?

ጥያቄ፦ ጎንደር የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ በግ ዕድገት ነው። በእንግሊዝኛ heritability የሚባለውን አንዱ መምህሬ «የውርስ መጠን» በል ይሉኛል፤ ሌላኛው «ተወራሽነት»። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ «የውርስ መጠን»ን ይተዉት። ግልገል ጡት ሲጥል ለሚኖረው ክብደት ይህ ቁጥር 0.25 ሆኖ ተሰላ እንበል። ግልገሉ የክብደቱን ሩብ ከወላጆቹ ወሰደ ማለት አይደለም። በዚያ መንጋ በግ ከበግ ከሚለያይበት ክብደት ሩቡ ከወላጅ ወደ ልጅ ከሚተላለፍ የዘር ልዩነት መጣ ማለት ነው። የቀረው የመኖ፣ የእናት ወተት፣ መንታ ሆኖ የመወለድ፣ የወቅት ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» ስንል ይህን እንረሳለን። «መጠን» ካልን አንባቢ ቁጥሩን የአንድ በግ ያደርገዋል፤ ቁጥሩ ግን የመንጋው ነው። በፋርጣ በግ የተሰላው ለመተማው የጉሙዝ በግ ላይሠራ ይችላል። መኖ ለአንዱ ሞልቶ ለሌላው ሲጎድልም፣ የበጎቹ ዘር ሳይለወጥ ቁጥሩ ይወርዳል።

እኔ የምወደው «የውርስ ድርሻ»ን ነው። «ድርሻ» ከ«ደረሰ» ወጣ፤ ከጠቅላላው ለአንዱ የደረሰው። «ውርስ» ከግእዙ «ወረሰ» ነው። «ርስት»ም ከዚያው ግንድ ነው፤ «ወለደ» «ልደት»ን ሲያወጣ «ወ» እንደሚወድቅ፣ «ወረሰ»ም «ርስት»ን ሲያወጣ ወድቃለች።

«ተወራሽነት»ን የሚደግፉት፣ ወራሽ ሰውየው፣ ተወራሽ የሚወረሰው ነገር ነው፤ ሰዋስዉ አልተፋለሰም ይላሉ። እውነት ነው። ጆሮዬ ግን እሺ አይልም። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወሰደ ወዲህ «ተወረሰ» ሲባል የምሰማው መንግሥት የወሰደውን ነው። ደግሞም «ተወራሽነት» ይወረሳል ወይስ አይወረስም የሚል ያስመስላል። የምንለካው ከስንቱ ስንቱ እንደሆነ ነው።

እስቲ በሥራ ላይ እንየው። የመንጋው የዓመት ክብደት በአማካይ 22 ኪሎ ነው እንበል። ለእርባታ የተመረጡት አውራዎችና እናቶች አማካይ 26 ኪሎ ይሁን። ብልጫው 4 ኪሎ ነው። ድርሻው 0.25 ከሆነ፣ አያያዙ ካልተለወጠ፣ ልጆቹ ጋ ይደርሳል ተብሎ የሚጠበቀው 1 ኪሎ ነው። «ድርሻ» ያልነው ራሱ «ደረሰ» ብሎ ሲመልስልን አዩ?

ያም ሆኖ «ተወራሽነት» አጭር ነው፤ ተማሪውም መምህሩም ለምዶታል። የለመደውን ቃል ከሰው አፍ መንጠቅ አይቻልም። ለርእሱ እሱን ይውሰዱ። መጀመሪያ ሲጠቅሱት ግን «ከጠቅላላው የክብደት ልዩነት የዘር ውርስ ድርሻ» ብለው ይፍቱት፤ መንጋው የት እንዳለና በጎቹ በስንት ወራቸው እንደተመዘኑም አብረው ይጻፉ።