ኢትዮጵያን በእንግሊዝኛ እንዴት እንጻፋት?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ቱርክ በ2022 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛም ‹ቱርኪዬ› ተብዬ ልጻፍ ብላ ተቀባይነት አግኝታለች። እኛስ የእንግሊዝኛውን ‹ኢትዮፒያ› ትተን፣ በላቲን ፊደልም እንደ አፋችን ብንጽፈው አይሻልም?» (ከደሴ)

መልስ፦ አብሽር ልጄ፣ እንግሊዝኛው ያጎደለብን ነገር የለም። ስሙ የግሪክ ነው፤ «አይቶ» ማቃጠል፣ «ኦፕስ» ፊት። ግሪኮች ቴታና ታው የሚባሉ ሁለት ፊደሎች አሏቸው። የግእዝ ሊቃውንት ቴታን በ«ተ»፣ ታውን በ«ጠ» ለዩ። ጢሞቴዎስን እይልኝ፦ «ጢ» ታው ነው፣ «ቴ» ደግሞ ቴታ። ፒ የምትባለዋም እንደ ጴጥሮስና ጳውሎስ «ጰ» ሆነች። ስለዚህ ኢትዮጵያ በ«ት» እና በ«ጵ» ተጻፈች። እንግሊዝኛውም ያችኑ ቴታ «ቲ» እና «ኤች» አጣምሮ ይዟታል። ምን እናርመው?

«ስሙ ከንጉሥ ኢትዮጲስ ነው፣ ግሪክን ምን አመጣው?» የሚሉ አሉ። ትውፊቱን አከብራለሁ። ግን በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ፣ ግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» በሚልበት ቦታ ግእዙ «ሐበሠት» ይላል። ስሙ አገር በቀል ቢሆን ግእዙ ለምን ይተወዋል? ፈረንጅ ድሮ «አቢሲኒያ» ይለን የነበረውም ከዚሁ ከ«ሐበሻ» ነው። «የለም፣ ኢትዮጵያ በሉን» ብለን በዓለም ፊት ያስከበርነው እኛው ነን። የቱርኮቹ ጉዳይ ሌላ ነው፤ የእንግሊዝኛ ስማቸው የወፍም ስም ነበር። በአማርኛ ግን እኔ አሁንም ቱርክ ነው የምላት።

እኔን የሚያንገበግበኝ የቤታችን አጻጻፍ ነው። ፒያሳ ወርደህ ታፔላዎቹን አንብብ፤ «ኢትዮጲያ» በ«ጲ» ሞልቷል። ሳድሷ «ጵ» ከ«ያ» ፊት ስትቆም የ«ኢ» ድምፅ ራሱ ይመጣል፣ ጭማሪ አያሻውም። ማርያምም፣ ዘካርያስም እንዲሁ ናቸው። ለመስከረም 21 ወደ ግሸን የሚወጡት መኪኖች ላይ ግን «ማሪያም» ተለጥፎ ታያለህ። «እንደሚነገረው መጻፍ ነው» ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። እንደሚነገረውማ ከሆነ ግማሹ ሰው «ኢቶጵያ» ነው የሚለው፤ እንደዚያም እንጻፋት?

እርግጥ ነው፣ «ጲያ» በስልኩም በጋዜጣውም ገብቷል፣ የሚመልሰው ያለ አይመስለኝም። ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ ቢጽፈው ነጥብ አልቀንስበትም። ከኔ ብዕር ግን አይወጣም። አንተም በእንግሊዝኛ ፓስፖርትህ ላይ እንዳለው ጻፍ፣ በአማርኛ ደግሞ «ጵ»ን አትንካብኝ።