«ልሰርዘው?» ላለችኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አይጦች ላይ እየተመራመረች ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ የአንድ ቀን ውጤት ከሌላው በጣም ርቆ ወጣብኝ። ሶፍትዌሩም በቀይ አመለከተው። ልሰርዘው?» ትላለች። ቶሎ መመለስ አቃተኝ። እኔም አንድ ጊዜ «ሰርዢው» ብዬ አውቃለሁና።

አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ ሳይኮሎጂ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ምርምሬ ግን አይጦች ላይ ነበር፤ ጭንቀት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ። አይጥ ሲጨነቅ ኮርቲኮስቴሮን የሚባል ሆርሞን ደሙ ውስጥ ይጨምራል። ችግሩ፣ ገና ሲያዝም ይጨነቃል። ስለዚህ ከኬጁ ከወጣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ደሙ መወሰድ አለበት። ከዘገያችሁ የምትለኩት እናንተው ያስደነገጣችሁትን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አብራኝ የምትሠራ ተማሪ ነበረች። አይጡን ስታነሳ መዳፏን ከሆዱ ሥር አስገብታ ደረቷ ላይ ታስጠጋው ነበር። ስምም ታወጣላቸዋለች። እኔ በቁጥር እንጂ በስም መጥራት አልፈቅድም ነበር። ጆሮው የተቀደደውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አንድ ቀን ደብተሯን ይዛ መጣች። «እርስዎ በሚገቡበት ቀን ሆርሞኑ ከፍ ይላል። እኔ ብቻዬን ስሆን ይወርዳል» አለችኝ።

«የአያያዝሽ ስህተት ነው። የእኔ እጅ የለመደ ነው። ያንቺን ቀናት ሰርዢያቸው» አልኳት።

እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አወረደች። በየቁጥሩ ላይ ቀጭን መስመር አሰመረች። ምንም አላለችም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ካናዳ ካለው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥናት ወጣ። ወንድ ሰው አጠገባቸው ሲሆን አይጦች ይጨነቃሉ፤ ሆርሞናቸው ይጨምራል፤ ሕመም እንኳ ቀንሶ ይሰማቸዋል። ሰውዬው ራሱ እዚያ መገኘት እንኳ አያስፈልገውም። ወንድ የለበሰው ካናቴራ ይበቃል። የሴት ካናቴራ ግን እንዲህ አላደረገም። ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩትና ተነስቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ። እናቴ ትዝ አለችኝ። ከጎታው ሥር አይጥ ስታባርር «ድመቷ ሳትደርስ ሽታዋ ይደርሳቸዋል» ትል ነበር። ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

የዛሬ ልጆች ጎበዞች ናችሁ። እኛ ሳምንት የፈጀንበትን ስሌት በደቂቃ ትጨርሳላችሁ። ግን እንስሳው አጠገብ የምትቀመጡበት ሰዓት አንሷል። ካሜራው ያይልናል ትላላችሁ። ይሄ ነገር ያሳስበኛል። ያፈነገጠ ቁጥር ሁሉ እውነት ይዟል ማለቴ አይደለም። የተበላሸ ናሙና ስንት ጊዜ ጥያለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እጥላለሁ።

ያቺ ተማሪ ከምርምር ወጥታ ሌላ ሙያ ያዘች። ጡረታ ወጥቼ ቢሮዬን ስለቅ ደብተሯን በየሳጥኑ ፈለግሁት። የለም።

ለጻፈችልኝ ልጅ ትናንት ማታ መለስኩላት። አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «በዚያ ቀን አይጦቹን ያነሳቸው ማን ነበር?»