ጎጆ ለወጣችሁ ልጆች፦ እህል በጥር ይገዛል

ልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብዙ ዓመት በሂሳብ ሙያ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የሥራዬ ትልቁ ክፍል የደመወዝ ሰነድ ማዘጋጀት ስለነበር፣ የሰው ኑሮ በየት በኩል እንደሚላላ ከወር ወር አይቻለሁ። የደመወዝ ቅድሚያ ሊጠይቁ የሚመጡት ሁልጊዜ ዝቅተኛ ተከፋዮቹ አልነበሩም። እኩል ደመወዝና እኩል ልጅ ካላቸው ሁለት ሠራተኞች አንዱ ሐምሌና ነሐሴን በብድር ይገፋል፤ ሌላው በሰላም ያልፋል። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ እህል ላይ ነበር። አንዱ የዓመቱን ቀለብ በጥር ይሸምታል፣ ሌላው በየሳምንቱ ከጉልት በጣሳ።

ስለዚህ ቆጥቡ ስላችሁ ከምግባችሁ ቀንሱ ማለቴ አይደለም። ከልጅ ጉሮሮ የተቀነሰ ብር ነገ ለሐኪም ይከፈላል። የምለምናችሁ መቼና ከማን እንደምትገዙ እንድታስቡበት ነው።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ የታደለ አገር ነው። ምንጃር ሸንኮራ ጤፍና ሽምብራ፣ ሞረትና ጅሩ ስንዴና ጤፍ፣ መንዝ ገብስ ያመርታል። ጣርማ በርን ተሻግራችሁ ስትወርዱ ደግሞ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ አለ። መኸሩ ታኅሣሥ ላይ ተሰብስቦ ሲያበቃ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት፣ ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ልጅ ይድራል። ስለዚህ ጥርና የካቲት ላይ እህሉን ወደ ገበያ ያወጣል፣ ዋጋውም ረገብ ይላል። ክረምት ሲገባ ጎተራው ይጎድላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ዋጋው ሽቅብ ይወጣል። በእኛ በኩል እንደምታውቁት መንገድ በድንገት የሚዘጋበት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ የተቀመጠ እህል ከቁጠባም በላይ ነው። አንድ አደራ አለኝ፦ ከገበሬው በቀጥታ ስትገዙ የመጨረሻዋን ብር ድረስ አትከራከሩት። ደላላና ቸርቻሪ መሀል ባለመግባቱ ያተረፋችሁት ለሁለታችሁም ይበቃል።

ጤፍ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም። ደረቅ ቦታ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ዓመታት ይቆያል። ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ ግን ይነቅዛሉ። እነሱን በደንብ በፀሐይ አድርቃችሁ፣ ውስጡ ሁለት ላስቲክ ያለውን ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ተጠቀሙ። እያንዳንዱ ንብርብር ለብቻው ጠብቆ ሲታሰር አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። የነቀዝ ክኒን የሚባለውን ግን ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በፍጹም እንዳታስገቡት። የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ሕፃናትን ደግሞ ያስቀድማል።

ለጥር የሚሆነው ብር ከየት ይመጣል ትሉኛላችሁ። በእኔ ስሌት አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር ግማሽ ኩንታል ያህል ጤፍ ይፈጃል፤ ለዓመት 6 ኩንታል መሆኑ ነው። ይህን በአንዴ ግዙ አልልም። የመጀመሪያው ዓመት 2 ኩንታል ይበቃል፤ እሱን ለሰኔ፣ ለሐምሌ፣ ለነሐሴና ለመስከረም አቆዩት፣ ሌላውን ወር እንደለመዳችሁት ሸምቱ። በእነዚያ አራት ወራት ለጤፍ ታወጡት የነበረውን ብር ሳትነኩ ለሚቀጥለው ጥር አስቀምጡ። በሁለተኛው ዓመት 3 ወይም 4 ኩንታል መግዛት ትችላላችሁ። የሥራ ባልደረቦች ወይም ጎረቤታሞች ሆናችሁ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ በየወሩ እያዋጣችሁ ጥር ላይ ብሩን ለሁላችሁም ብታወጡት፣ አንድ አይሱዙ ተከራይታችሁ ከምንጃሯ አረርቲ ወይም ከጅሩዋ እነዋሪ በጋራ ማስመጣት ይቻላል። ከተለመደው ዕቁብ የሚለየው ዕጣ አለመኖሩ ነው፤ ሁሉም በአንድ ወር ያነሣል፣ ምክንያቱም እህሉ የሚረክሰው ለሁሉም በአንድ ወር ነው።

ብሩን ባንክ ብናስቀምጠው አይሻልም ወይ የሚሉ ወጣቶች አሉ። ለድንገተኛ ሕመምና ለቤት ኪራይ የሚሆነው ባንክ ይቀመጥ፣ እሱ ግዴታ ነው። ነገር ግን በጥቅምት 2010 ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ተደረገ፤ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሄዶ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ ደግሞ የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲተው ከውጭ የሚመጣው ሁሉ፣ ዘይቱም ጭምር፣ ምን እንደሆነ አይታችኋል። በእንዲህ ያለ ዘመን ጆንያ ውስጥ ያለ ጤፍ ከደብተር ላይ ካለ ቁጥር ይልቅ ዋጋውን ይጠብቃል።

ቅቤም ወር አለው። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ሳምንት የሚገዛ ሰው ከሁሉ ውድ ዋጋ ይከፍላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተት ገዢ ስለሚያጣ ባለ ላሞቹ እየናጡ ቅቤ ያደርጉታል፣ ያን ጊዜ ይረክሳል። ገዝታችሁ በኮሰረትና በኮረሪማ አንጥሩት፤ ውሃው በደንብ ከወጣለት ለወራት አይበላሽም። ለበዓል ሥጋም ከልኳንዳ ይልቅ ቅርጫ ግቡ።

ገብስን አትናቁ። ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ምክንያቱም ከተማ የገቡ ልጆች የመንዝ ገብስ እንጀራን እንግዳ ፊት ማቅረብ ሲያፍሩ አያለሁ። ጤፉን ከገብስ ወይም ከማሽላ ደባልቆ ማስፈጨት የጤፍ ወጪያችሁን በግልጽ ይቀንሳል፣ የሚያሳፍርም አይደለም። ለልጆች ትምህርት ቤት የታሸገ ብስኩት ከምትቋጥሩ ቆሎ ቋጥሩላቸው፣ ጠዋት በሶ በጥብጡላቸው። ርካሽ ነው፣ ያጠግባል፣ ለጥርሳቸውም ይሻላል።

ማገዶን በተመለከተ፣ በሦስት ጉልቻ የምትጋግሩ ከሆነ ምርጥ የሚባለውን የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ አሠሩ፤ እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ካላችሁ እስኪግል ብዙ ኃይል ስለሚበላ ሊጡን በአንድ ጊዜ ጋግራችሁ ጨርሱ፤ የግቢ ተከራዮች በተራ ብትጋግሩበት ደግሞ የበለጠ ነው። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም እንደሚጨምር አትርሱ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፣ ብዙ ቤትም ለማሞቂያ ከሰል ይገዛል። በዚያ ብር የበሩንና የመስኮቱን ሽንቁር ድፈኑ፣ አንድ የመንዝ ባና ግዙ፤ ባና አንዴ ተገዝቶ ለዓመታት ይለበሳል። በር ዘግቶ ከሰል አያይዞ መተኛት ሰው የሚጨርስ ነገር ስለሆነ ከወጪው በፊት ለነፍሳችሁ ስትሉ ተዉት።

በስልክ በደቂቃ የሚገኘውን ብድር ለአስቤዛ አትጠቀሙበት። የአገልግሎት ክፍያው ትንሽ ይመስላል፣ በየወሩ ሲደጋገም ግን የአንድ ሳምንት ሽንኩርትና ዘይት ይሆናል። የወር ደመወዝተኛ ያልሆናችሁ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ አያምልጣችሁ፤ ያየኋቸው ቤተሰቦች እህላቸውን በክረምት ያለ ጊዜው የሸጡት ብዙውን ጊዜ ለሕክምና ነው።

ዘንድሮ ለጤፍ የሚሆን ምንም ካልተረፋችሁ በሽሮ ጀምሩ። ጥር ላይ 20 ኪሎ ባቄላና ሽምብራ ገዝታችሁ፣ ቆልታችሁ፣ ከክታችሁ፣ በቅመሙ አድርጋችሁ ወፍጮ ቤት ውሰዱት። ከዚያ በየወሩ ለሱቅ ሽሮ ትከፍሉት የነበረውን ብር በአንድ ፖስታ ውስጥ እያስቀመጣችሁ ቆዩ፤ የሚቀጥለው ጥር የመጀመሪያ ጤፋችሁ መነሻ እሱ ነው።